ጂኖች፦ እንደ ሰው የሚጠየቁ ስውር ፍጡራን

ከመካ ወደ ጧኢፍ በሚወስደው መንገድ ላይ ነኽላ የሚባል ሸለቆ አለ። የነቢዩ ሙሐመድን የሕይወት ታሪክ የጻፉ ሰዎች እንደሚተርኩት፣ ነቢዩ ጧኢፍ ገብተው ትምህርታቸውን የሚቀበል አጥተው፣ በድንጋይ ተወግረው ሲመለሱ እዚህ ሸለቆ አደሩ። በሌሊቱ ሶላት ቁርኣን ሲያነቡ ቆመው የሚያዳምጡ ነበሩ፤ ሰዎች ግን አልነበሩም። የቁርኣን 46ኛ ምዕራፍ ነገሩን በአጭሩ ይነግረናል፤ ጥቂት ጂኖች ንባቡን በሰሙ ጊዜ «ዝም በሉ» ተባባሉ፤ ንባቡ ሲያበቃም አስጠንቃቂዎች ሆነው ወደ ወገኖቻቸው ተመለሱ። 72ኛው ምዕራፍ ደግሞ ስሙ ራሱ «አል ጂን» ነው። ከ28ቱ አንቀጾቹ ብዙዎቹ የተነገሩት በጂኖቹ አንደበት ነው፤ አስደናቂ ንባብ እንደሰሙ፣ እንዳመኑበትም ለወገኖቻቸው ይናገራሉ።

ይህ ትረካ ስለ ጂን ከምንሰማው ብዙ ነገር ጋር አይገጥምም። በእኛ አገር ጂን ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ሰይጣንን ወይም በሰው ላይ የሚያድር ክፉ መንፈስን ነው፤ ልጆች ደግሞ ከመብራት ውስጥ እንደ ጭስ የሚወጣውን አሽከር። ነኽላ ላይ የቆሙት ግን አዳምጠው የሚያመዛዝኑ፣ እምነት የሚለውጡ፣ የሚመለሱበት ወገንና አገር ያላቸው ፍጡራን ናቸው። እስልምና ጂኖችን አልካዳቸውም፤ አላነገሣቸውምም። ይፈሩና ይመለኩ ከነበረበት ከፍታ አውርዶ ከሰው ልጅ ጎን፣ በአንድ ፈጣሪ ፊት አቆማቸው። የሕዝቡ ተረት በበኩሉ የወረደውን ፍርሃት ደጋግሞ መልሶ ሲያነግሠው ኖሯል። ስለ ጂን የሚነገረው ነገር ሁሉ እርስ በርሱ የሚጋጭ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሸለቆው ጌታ

ከእስልምና በፊት የነበረው ዐረብ በረሃውን ሰው አልባ እንጂ ባዶ አድርጎ አያየውም ነበር። ጉድጓዱ፣ ዛፉ፣ ፍርስራሹ፣ አሸዋማው ሜዳ ሁሉ ባለቤት አለው። መንገደኛ ሌሊት ሲመሽበት ሸለቆ ውስጥ ገብቶ ከማደሩ በፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ከወገኖቹ ክፉዎች እንዲጠብቀው የዚያን ሸለቆ ጌታ ይማጸን ነበር። ጌታ የተባለው የጂኖቹ አለቃ ነው። ሐሳቡ ለበረሃ ሰው እንግዳ አልነበረም። በሌላ ጎሣ ግዛት የሚያልፍ ሰው ከጎሣው አለቃ ጥበቃ ካላገኘ ደሙ በከንቱ ይፈስሳል፤ ስለዚህ ከማይታየው ጎሣም ጥበቃ ይለምናል።

ቅኔም ከእነሱ ይመጣ ነበር። ታላቅ ባለቅኔ ሁሉ ስንኙን የሚያቀብለው ጂን አለው ተብሎ ይታመን ነበር፤ አል-አዕሻ የተባለው ባለቅኔ የእሱን ጂን «ሚስሐል» እያለ በስም ይጠራዋል። ዐብቀር የሚባል የጂኖች ሸለቆም በቅኔዎቹ ይነሣል። ጠንቋዩ ስለ ጠፋ ግመልና ስለ ጦርነት ውጤት ሲናገር የሚያንሾካሹክለት ጂን አለው ይባል ነበር። የመካ ሰዎች ነቢዩ ሙሐመድን «ባለ ጂን ነው» ብለው የከሰሱት በዚህ ዓለም ውስጥ ቆመው ነው። ክሱ «አብዷል» ከማለት ይሰፋል፤ ንግግሩ ከሰማይ ሳይሆን ከሸለቆ የመጣ፣ ከባለቅኔና ከጠንቋይ ቃል የማይለይ ነው ማለታቸው ነበር።

አንዳንዶቹም ከፍርሃት አልፈው ያመልኳቸው ነበር። ቁርኣን በ6ኛው ምዕራፍ ሰዎች ጂኖችን የአላህ ተጋሪዎች እንዳደረጓቸው፣ በ37ኛው ደግሞ በአላህና በጂኖች መካከል ዝምድና እንደፈጠሩ ይናገራል። ነኽላ ራሷ ዑዛ የምትባለው አምላክ መቅደስ የነበረባት ቦታ ናት። ጂኖቹ ቁርኣን ሰምተው አመኑ የተባለው በዚያው፣ ሰዎች ለስውራን ኃይሎች ሲሰግዱበት በኖሩበት መሬት ላይ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ያመኑት ጂኖች በ72ኛው ምዕራፍ ስለ ሸለቆው ጌታ ልማድም ያነሣሉ፤ የሰው ወንዶች በጂን ወንዶች ይጠበቁ እንደነበር፣ ይህም ትዕቢትን እንጂ ሌላ ነገር እንዳላተረፈ ይናገራሉ። የሚፈሩት ራሳቸው «አትፍሩን፤ እኛም አገልጋዮች ነን» እንዳሉ ይቆጠራል።

ከእሳት የተፈጠረ ጎረቤት

በእስልምና ትምህርት መሠረት መላእክት ከብርሃን፣ ጂኖች ጭስ ከሌለው የእሳት ነበልባል፣ ሰው ከአፈር ተፈጥረዋል። ጂኖች ከሰው ቀድመው ተፈጥረዋል። እኛ አናያቸውም፤ እነሱ ያዩናል። ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይጋባሉ፣ ይወልዳሉ፣ ይሞታሉ። መልአክ አያምፅም፤ ጂን ግን እንደ ሰው ምርጫ ተሰጥቶታል፣ በምርጫውም ይጠየቅበታል። በ51ኛው ምዕራፍ አላህ ጂንንና ሰውን ሊያመልኩት እንጂ ለሌላ እንዳልፈጠራቸው ይናገራል። «አር-ረሕማን» በሚባለው 55ኛ ምዕራፍ ውስጥ «ከጌታችሁ ጸጋዎች የትኛውን ታስተባብላላችሁ?» የሚለው ጥያቄ 31 ጊዜ ይመላለሳል። በዐረብኛው ሁለት ወገኖችን በአንድነት የሚያናግር አነጋገር ነው፤ ተፍሲር (የቁርኣን ማብራሪያ) ጸሐፊዎች ሁለቱ ወገኖች ሰውና ጂን መሆናቸውን ያብራራሉ። አንድ ሙስሊም ይህን ምዕራፍ ሲቀራ ከማያየው ጎረቤቱ ጋር አብሮ እየተጠየቀ ነው።

ጂኖቹ ስለ ራሳቸው ሲናገሩም ከመካከላቸው ደጋጎች እንዳሉ፣ ከዚያ ያነሱም እንዳሉ፣ መንገዳቸው ልዩ ልዩ እንደሆነ ይገልጻሉ። ስለዚህ «ጂን» የዘር ስም ነው፣ «ሰይጣን» ግን የምግባር ስም ነው ማለት ይቻላል። ቁርኣን በ6ኛው ምዕራፍ የሰውም የጂንም ሰይጣናት እንዳሉ ይናገራልና፣ ክፉ ሰውም በዚህ ስም ይጠራል። የሰይጣናት አለቃ የሆነው ኢብሊስ የት ይመደብ በሚለው ላይ ዑለማዎቹ (የእስልምና ሊቃውንቱ) ተከራክረዋል። 18ኛው ምዕራፍ ከጂን ወገን እንደነበረ ይናገራል፤ ከመላእክት ጋር ለአዳም እንዲሰግድ መታዘዙን ያዩ ሰዎች ግን ከመላእክት መካከል ቆጥረውታል። ሐሰን አል-በስሪ ኢብሊስ ለአንዲት ቅጽበት እንኳ መልአክ ሆኖ እንደማያውቅ፣ አዳም የሰው አባት እንደሆነ እሱም የጂን አባት እንደሆነ አስተምሯል። «እኔ ከእሱ እበልጣለሁ፤ እኔን ከእሳት ፈጠርከኝ፣ እሱን ከጭቃ» የሚለው የኢብሊስ ትዕቢት በዘሩ የሚኮራ ሰው ሁሉ የሚናገረው ነው።

አንድ ሌላ ስሕተትም እዚህ ላይ ይቃና። ጂን የሞተ ሰው መንፈስ አይደለም። በመቃብር አካባቢ የሚዞር የአያት ነፍስ፣ ተበድሎ ሞቶ የሚበቀል ሰው የሚባል ነገር ከጂን ትምህርት ውስጥ የለም።

ጎረቤትነቱ በዕለት ኑሮ ውስጥ ይታያል። በሐዲስ፣ ማለትም ከነቢዩ በተላለፈ ቃል፣ እንደተነገረው ከመጸዳጃ በኋላ በአጥንትና በደረቀ ፋንድያ መጥረግ ተከልክሏል፤ አጥንቱ የጂን ወንድሞቻችሁ ምግብ ነው፣ ፋንድያውም የእንስሶቻቸው። «ወንድሞቻችሁ» የሚለው ቃል ይነካኛል። ፀሐይ ስትጠልቅ ሰይጣናት ስለሚበተኑ ልጆችን ወደ ቤት ማስገባት፣ ዕቃ መክደን፣ የአላህን ስም ጠርቶ በር መዝጋት፣ መብራት ማጥፋት ታዝዟል። መብራቱን ስለ ማጥፋት የተሰጠው ምክንያት ግን ከጂን ጋር አይያያዝም፤ አይጥ ክሩን ጎትታ ቤቱን በሰዎቹ ላይ እንዳታቃጥለው ነው። በብዙ የዐረብ ቤቶች ትኩስ ውሃ መሬት ላይ ከመድፋት በፊት «ቢስሚላህ» ይባላል፤ የማይታየው ጎረቤት ልጆቹን እንዲያርቅ።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ታሪክ የመዲናው ወጣት ነው። አዲስ ሙሽራ ነበር። በኸንደቅ (የቦይ) ዘመቻ ጊዜ አስፈቅዶ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሚስቱ ደጅ ቆማ አገኛት። በቅናት ጦሩን ሲያነሣባት «ገብተህ እይ» አለችው፤ ትልቅ እባብ በመኝታው ላይ ተጠቅልሎ ነበር። እባቡን ወጋው፤ እባቡም ነደፈው። ከሁለቱ ቀድሞ የሞተው ማን እንደሆነ እንኳ አልታወቀም። ነቢዩም በመዲና እስልምናን የተቀበሉ ጂኖች እንዳሉ፣ በቤት ውስጥ እባብ ያየ ሰው ሦስት ቀን እንዲያስጠነቅቀው፣ ከዚያ በኋላ ከታየ ብቻ እንዲገድለው ተናገሩ። ለማይታይ ጎረቤት እንኳ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጡ መግደል አይገባም ማለት ነው።

ሱለይማንና ምስጡ

እኛ ሰሎሞን የምንለው ሱለይማን በቁርኣን ውስጥ ነቢይም ንጉሥም ነው። ሠራዊቱ ከጂን፣ ከሰውና ከወፍ የተሰባሰበ ነበር። ጂኖቹ ምኩራቦችን፣ ምስሎችን፣ እንደ ኩሬ የሰፉ ገበታዎችን፣ ከምድጃቸው የማይነቃነቁ ድስቶችን ይሠሩለት ነበር። ከዚህ የተነሣ የጥንት ዐረቦች ማን እንደሠራው የማያውቁትን ታላቅ ሕንፃ ሁሉ ለሱለይማን ጂኖች ይሰጡ ነበር፤ የሶርያዋ ፓልሚራ እንዲህ ተነግሮላታል።

የሳባ ንግሥት ልትመጣ ስትል ሱለይማን ዙፋኗን ማን እንደሚያመጣለት ጠየቀ። ከጂን ወገን አንድ ኢፍሪት «ከተቀመጥክበት ሳትነሣ አመጣልሃለሁ» አለ። ከመጽሐፉ ዕውቀት የተሰጠው ሌላው ግን ዐይኑን ከማርገብገቡ በፊት አመጣው። ተፍሲር ጸሐፊዎች ይህን ሁለተኛውን አብዛኛውን ጊዜ ሰው ያደርጉታል። ጉልበት የኢፍሪት ነበር፤ ዕውቀት ግን ቀደመው።

ከሱለይማን ታሪክ ሁሉ ለእኔ የሚበልጠው አሟሟቱ ነው። በ34ኛው ምዕራፍ እንደተነገረው በትሩን ተደግፎ እንደ ቆመ ሞተ። ጂኖቹ ሕያው መስሏቸው ከባድ ሥራቸውን ቀጠሉ። አንዲት የምድር ተንቀሳቃሽ፣ ተፍሲሮቹ ምስጥ የሚሏት፣ በትሩን በልታ ስትጨርስ አስከሬኑ ወደቀ። ያን ጊዜ ጂኖቹ የራቀውን ምሥጢር የሚያውቁ ቢሆኑ ኖሮ በዚያ አዋራጅ ድካም ውስጥ ባልቆዩ እንደነበር ተገለጠ። ዛሬ ስለ ጠፋ ዕቃ፣ ስለ ሎተሪ ወይም ስለሚመጣ ባል ጂን አናግሮ ይነግረኛል ብሎ ወደ ጠንቋይ የሚሄድ ሰው ይህን አንቀጽ ቢያውቀው እወዳለሁ፤ ፊት ለፊታቸው የቆመው ጌታቸው መሞቱን ያላወቁ ፍጡራን የነገን ነገር እንዴት ያውቃሉ?

ንግሥቲቱን በተመለከተ የሕዝቡ ተረት ከቁርኣኑ ርቆ ሄዷል። ቁርኣን የሚለው ወደ ቤተ መንግሥቱ ስትገባ የመስተዋቱን ወለል ውሃ መስሏት ልብሷን ከባቷ እንደሰበሰበች ነው። ተራኪዎቹ ግን ቢልቂስ ብለው ስም አወጡላት፤ እናቷን የጂን ሴት አደረጓት። ሱለይማን ካገባትና ከወለደችለት ባርነታቸው እንዳያበቃ የፈሩ ጂኖች እግሯ የአህያ ሰኮና ነው ብለው አሟት፤ የመስተዋቱ ወለልም የተሠራው ይህን ለማየት ነው ይላሉ። በትግራይ በሚነገረው የእቴዬ አዜብ አፈ ታሪክም የዘንዶው ደም ተረከዟ ላይ ጠብ ብሎ እግሯ የአህያ ይሆናል፤ ወደ ሰሎሞን የምትሄደውም ለመፈወስ ነው፤ ደጁን ስትረግጥ ትድናለች። ቀይ ባሕርን ወዲህና ወዲያ ሲያቋርጥ የኖረ ተረት ነው። ሰሎሞን የአጋንንት ጌታ ነው የሚለው እምነትም ከእኛ ዘንድ «መርበብተ ሰሎሞን» በሚባለው ጽሑፍ ውስጥ አለ፤ አጋንንትን ዓሣ በመረብ እንደሚያዝ እንደያዘ ይነገርበታል፣ በክታብም ይጻፋል።

ጉል፣ የቀትር አህያና የሚዘምር አሸዋ

ዐረቦች ጂኖችን በብዙ ስም ይከፋፍሏቸዋል። ኢፍሪት ብርቱና ተንኮለኛው ነው፤ ማሪድ አመፀኛውና እልኸኛው። ቀሪን ከእያንዳንዱ ሰው ጋር ተወልዶ ወደ ክፋት የሚገፋፋው ጓደኛ ነው፤ ይህ በሐዲስም የተነገረ ነው። ነስናስ ግማሽ አካል፣ አንድ እጅና አንድ እግር ብቻ ያለው የተረት ፍጡር ነው።

የበረሃው መንገደኛ ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው ጉልን ነበር። ጉል ብዙውን ጊዜ ሴት ናት። ቅርጿን እንደፈለገች ትለዋውጣለች፤ እግሯን ግን መደበቅ አትችልም፣ የአህያ ሰኮና ነው። ሌሊት እሳት አንድዳ መንገደኛውን ከጎዳናው ታስወጣውና ትበላዋለች። በአንድ ምት ትሞታለች፤ ሁለተኛ ከተመታች ግን ትነሣለች ይባላል። ተአበጠ ሸረን የተባለው የጥንት ሽፍታ ባለቅኔ ጉል ገድያለሁ ብሎ በቅኔው ፎክሯል። በሌላ በኩል ከነቢዩ በተላለፈ ሐዲስ ውስጥ «ጉል የለም» የሚል ቃል ይገኛል። አንዳንድ ዑለማዎች ጉልን ጨርሶ እንደሚክድ፣ ሌሎች ቅርፅ እየለወጡ ሰውን የማጥፋት ኃይል እንደሌላት ብቻ እንደሚናገር አድርገው ተርጉመውታል።

ጥርጣሬው ከዘመናዊ ሳይንስ በፊት የጀመረ ነው። በ9ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የባስራው ጸሐፊ አል-ጃሒዝ ስለ እንስሳት በጻፈው ሰፊ ሥራ ውስጥ የመምህሩን የአን-ነዛምን ማብራሪያ አስፍሯል። ሰው ከሰው ርቆ በምድረ በዳ ሲቆይ ብቸኝነቱ ሐሳቡን ይበትነዋል፤ ትንሹ ነገር ትልቅ ሆኖ ይታየዋል፤ የሌለውን ያያል፣ ያልተነገረውን ይሰማል። ከዚያ ያየውን በቅኔ ያስቀምጠዋል፤ ቅኔው ለልጆች ይነገራል፤ ልጁም አድጎ በጨለማ ሌሊት በረሃ ሲሻገር ጉጉት ስትጮህ የሰማውን ሁሉ ያያል። ከሺህ ዓመት በፊት ከዚህ የጠራ የሥነ ልቡና ማብራሪያ ተጽፎ ማየት ያስደንቃል።

በረሃው ራሱም ድምፅ ያወጣል። ዐረቦች «ዐዚፍ አል ጂን» ማለትም የጂኖች ዜማ የሚሉት አለ፤ በሩብዕ አል-ኻሊ በረሃ ደረቅ የአሸዋ ክምር ከጫፉ ሲናድ እንደ ሩቅ አውሮፕላን ያለ ጎርናና ድምፅ ያሰማል። መጠናቸው የተቀራረበ ደረቅ አሸዋዎች አብረው ሲንሸራተቱ በአንድ ምት ስለሚንቀጠቀጡ የሚፈጠር ድምፅ ነው። ከመዲና በስተሰሜን ምዕራብ ያለው «ወዲ አል ጂን» የተባለው ስፍራም እንዲሁ ነው። መኪና ሞተሩ ጠፍቶ ሽቅብ ይሄዳል ተብሎ ጎብኚ ይጎርፋል። መንገዱ በእውነቱ ቁልቁል ነው፤ በዙሪያው ያሉት ተራሮች የአድማሱን መስመር ስለሚያዛቡ ዐይን ተታሎ ሽቅብ ያየዋል። እንዲህ ያሉ መንገዶች በብዙ አገሮች አሉ።

የመን ውስጥ፣ በመህራ ግዛት፣ በርሁት የሚባለው ጉድጓድ አፉ 30 ሜትር ያህል ይሰፋል። የአካባቢው ሰው የጂኖች ወህኒ ነው እያለ ስለ እሱ ማውራት እንኳ ይፈራ ነበር። በመስከረም 2021 የኦማን ዋሻ አሳሾች በገመድ ወርደው 112 ሜትር ላይ ወለሉን ረገጡ። ያገኙት ፏፏቴ፣ እባቦች፣ የሞቱ እንስሳትና ውሃ ያለሰለሳቸው የዋሻ ዕንቁዎች ናቸው። በኦማን የሰልማ አምባ ላይ ያለው «መጅሊስ አል ጂን» የተባለው ዋሻ ደግሞ ለውሃ ሀብት ጥናት ሲባል የተመረመረው በ1983 ነው፤ ጣሪያው ከወለሉ 120 ሜትር ያህል ይርቃል። የጂኖች መሰብሰቢያ የሚል ስም መያዙ አያስገርምም።

የባሕረ ሰላጤው ተረቶች ጠባቂዎችም ናቸው። «ሒማረት አል-ቃይላ»፣ የቀትሯ አህያ፣ በእኩለ ቀን ከቤት የወጣ ልጅ ትወስዳለች፤ በበጋ ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር ልጅን በቀትር ቤት ለማቆየት ከዚህ የሚሻል ዘዴ አልነበረም። በኤምሬትስ የሚነገርላት «ኡም አድ-ዱወይስ» ውብ ናት፤ ሽቶዋ ከሩቅ ይሸታል፤ በእጇ ማጭድ አለ። የምትበላው የሴት ሽታ ተከትሎ በሌሊት የሚሄደውን ወንድ ነው። ዕንቁ ጠላቂዎች ደግሞ «ቡ ደርያ»ን ይፈሩ ነበር፤ እንደሚሰምጥ ሰው እየጮኸ የሚያድነውን ይወስዳል።

ስለ መብራቱ አሽከር ጥቂት ልበል። ዓለም የሚያውቀው የአላዲን ታሪክ በጥንቱ የ«ሺህ አንድ ሌሊት» የዐረብኛ ቅጂ ውስጥ አልነበረም። ሐና ዲያብ የተባለ የአሌፖ ሰው በ1709 ፓሪስ ላይ ለተርጓሚው ለአንቷን ጋላን ነግሮት በፈረንሳይኛው የገባ ነው። «ሦስት ምኞት ብቻ» የሚለው ደንብም በዚያ ትረካ ውስጥ የለም። ለሰው ምኞት የሚታዘዘው ጂን የተረት ልጅ ነው፤ የሃይማኖቱ ጂን ለራሱ ነፍስ የሚጨነቅ ነው።

ጋብቻ፣ ዛርና ሕመም

ጂኖች ሕግ የሚመለከታቸው ፍጡራን ከሆኑ የሕግ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ቃዲ አሽ-ሺብሊ ጂኖችን የሚመለከቱ ፍርዶችን በአንድ ሥራ ሰብስቧል። እዚያ ከተላለፉት አንዱ የኢማም ማሊክ መልስ ነው። አንድ የጂን ወንድ የአንዲትን ልጃገረድ እጅ በሕጉ መሠረት እንደጠየቀ የነገሯቸው ሰዎች ይፈቀድ እንደሆነ ጠየቋቸው። ኢማሙ በሃይማኖት በኩል ክልከላ እንደማያዩበት፣ ነገር ግን ሴት ነፍሰ ጡር ሆና ባሏ ማን እንደሆነ ስትጠየቅ «ጂን ነው» የምትልበት፣ በዚህም ብልሹነት የሚበዛበት ነገር እንዲመጣ እንደማይወዱ መለሱ ይባላል። እምነቱን ሳይነኩ የማኅበረሰቡን ሥርዓት የሚጠብቅ መልስ ነው።

ከእኛ የሄደውም እዚህ ላይ ይመጣል። አብዛኞቹ ተመራማሪዎች እንደሚስማሙት ዛር በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ በተለይ በባርነት በተሸጡ ኢትዮጵያውያን በኩል ወደ ሱዳን፣ ወደ ግብፅና ወደ ዐረብ ምድር ተስፋፋ። የኔዘርላንዱ ምሁር ስኑክ ሁርግሮንየ በ1885 መካ በነበረ ጊዜ የከተማዋ ሴቶች የዛር ሥርዓት እንደሚያደርጉ መዝግቧል። በባሕረ ሰላጤው አገሮችም ከበሮውና ክራር መሰሉ ጡምቡራ ዛሬም የዚያ ጉዞ ምስክር ናቸው። ዛር ግን ከጂን ማስወጣት ይለያል። ዛሩ አይባረርም፤ ምን እንደሚሻ ይጠየቃል፤ ልብሱ፣ ዕጣኑ፣ ቡናው፣ ደሙ ይቀርብለታል፤ ባለ ዛሩም ፈረሱ ሆኖ ይኖራል። ዑለማዎች አጥብቀው የተቃወሙትም ለዚህ ነው። በእነሱ ዐይን ይህ የሸለቆውን ጌታ ጥበቃ መለመን ነው። እኔ ግን አንድ ነገር እጨምራለሁ፤ ከቤተሰቧ ተነጥቃ በባዕድ ቤት የምታገለግል ሴት ስሟንና ዘፈኗን የምታነሣበት ሌላ መድረክ አልነበራትም።

ጂን በሰው አካል ይገባል ወይ የሚለው ጥያቄ በሙስሊም ሊቃውንት መካከል አንድ ወጥ መልስ አላገኘም። ሙዕተዚላ ከሚባለው የአስተሳሰብ ወገን አል-ጁባኢን የመሳሰሉት ሊቃውንት አይገባም ብለዋል። ኢማም አሕመድ ኢብን ሐንበል ልጃቸው ጂን አይገባም ስለሚሉት ሲጠይቃቸው ተሳስተዋል ብለው በሕመምተኛው አንደበት የሚናገረው ጂኑ ነው ማለታቸውን ኢብን ተይሚያ ያወሳል። በ1037 የሞተው ኢብን ሲና የሚጥል በሽታን በሕክምና ሥራው ውስጥ የአንጎል ሕመም አድርጎ ያስተምራል። መግባትን የሚያምነው ኢብን አል-ቀይም እንኳ የሚጥል በሽታን ሁለት አድርጎ ከፍሎ አንዱን ለሐኪሞች ይተዋል።

በቡኻሪና በሙስሊም የሐዲስ ስብስቦች የተዘገበ አንድ ሐዲስ ደግሞ አለ። አንዲት ጥቁር ሴት ወደ ነቢዩ መጥታ እንደሚጥላትና በዚያም ጊዜ እንደምትራቆት ነግራ ጸሎት ለመነች። ብትታገሥ ገነት እንደሚኖራት፣ ብትፈልግ ግን እንድትድን እንደሚጸልዩላት ነገሯት። እታገሣለሁ አለች፤ እንዳልራቆት ብቻ ጸልዩልኝ። ጸለዩላት። አልተገረፈችም፤ አልታሰረችም፤ «ማን ነህ? ውጣ!» ተብሎ አልተጮኸባትም።

ይህን የማነሣው በሩቅያ ስም የሚደረገውን ስለማውቅ ነው። ሩቅያ መሠረቱ ቀላል ነው፤ አያተል ኩርሲይ የሚባለውን የቁርኣን አንቀጽና የመጨረሻዎቹን አጫጭር ምዕራፎች አንብቦ ፈውስን ከአላህ መለመን። የሚጥል በሽታ ያለበትን ልጅ መግረፍ፣ ሕመምተኛን በሰንሰለት ማሰር፣ ጭስ ማፈን፣ የታዘዘ መድኃኒት ማስጣል ከዚህ ውስጥ አይደለም። ዑለማዎች ስለ አታላዮች የሚሰጧቸው ምልክቶችም ይታወቃሉ፤ የእናትህን ስም የሚጠይቅ፣ መልኩ የተለየ ዶሮ ወይም በግ አርደህ አምጣ የሚል፣ የሕመምተኛውን ልብስ የሚፈልግ፣ በማይሰማ ቋንቋ የሚያጉተመትም ሰው የቁርኣን አንባቢ ሳይሆን ጠንቋይ ነው። ሌሊት ደረት ላይ ተጭኖ የሚያፍነው፣ ዐረቦች ጃሡም እኛ ዱካክ የምንለው፣ አእምሮ ነቅቶ አካል ገና በእንቅልፍ ሳለ የሚከሰት ነው፤ እንቅልፍ ማጣትና ድካም ያባብሱታል። ደጋግሞ የሚጥል፣ ድንገት ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚያሰማ፣ ለሳምንታት ከሰው የሚያርቅ ሕመም ሲታይ ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት። ሩቅያው ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን ይቀጥላል፤ «ታከሙ» የሚለው ትእዛዝም ከራሳቸው ከነቢዩ የመጣ ነው።